የጭስ ዘይት

...ደግሞ የድስቱን ክዳን ከማድ ቤት ሰርቀሽ ያመጣሽው አንቺ ነበርሽ፤ እኔ አይደለሁም። እማማ የከሰሉን ጉድጓድ በዘንባባ ቅጠል ሸፍና አፈር ስትመልስበት ጭሱ በአንድ ጎን ሾልኮ ይወጣ ነበር። አንቺ ክዳኑን ጭሱ ላይ ያዝሽ። ክዳኑ አላበው። ከጠርዙ ላይ ጥቁር ጠብታ ተንጠለጠለ፤ በጣትሽ ነክተሽ ቀመስሽው። ፊትሽ እንዴት እንደተኮማተረ እስከ ዛሬ ይታየኛል። «ይኮመጥጣል» አልሽ። እማማ ያኔ ሳቀች ወይስ ክዳኑን ነጠቀችሽ? ላስታውሰው እሞክራለሁ፤ እዚያ ላይ ሲደርስ ይቆረጥብኛል።

ሰላምታዬን ሳላስቀድም ጀመርኩ። አይክፋሽ።

ውድ እህቴ፣ እዚያ ከተማው ሳኦ ሉዊስ ላይ ዝናቡ እንዴት ይዞሻል? ደረትሽ ላይ ተጣብቆ የነበረው ሳል ለቀቀሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ቆመን እንሄዳለን። የሜአሪም ወንዝ ሞልቶ ወደ ታችኛው ማሳ ገብቷል፤ ሩዙ ግን ተርፏል። የክርስትና እናትሽ ዶና ጀኔሮዛ ዛሬም ከጉልበቷ በቀር ሁሉ ነገሯ ጤነኛ ነው፤ ምላሷ በተለይ። እማማ ሰላም ብላሻለች። እማማ ሁልጊዜ ሰላም ትልሻለች።

በስልክ የላክሽልኝን መልእክት ሰምቼዋለሁ። ደጋግሜ። በስልክ ልመልስልሽ ጀምሬም ነበር፤ ግን አንቺ ስልክ ላይ ትቸኩያለሽ፤ እኔ ደግሞ ስትቸኩዪ እፈራለሁና የማልፈልገውን እሺ እላለሁ። ወረቀት አያቋርጠኝም። የነገው አውቶቡስ ሾፌር ያደርስልሻል።

«ቅዳሜ እንግዶቹ ይመጣሉ» አልሽኝ። «ሴቶቹን ሰብስቢልኝ፤ ማሽኑ አጠገብ ክብ ሠርተው ኮኮ ይስበሩ፤ ይዝፈኑ። ያቺን የድሮዋን ዘፈን። እማዬ መሃል ትቀመጥ። ካዩት ሁለተኛውን ማሽን ይፈቅዱልናል።»

ይዝፈኑ!

ምን ሰብረው ነው የሚዘፍኑት እህቴ? ኮኮው የሚወድቅበት ዘንባባ ሽቦ ውስጥ ነው። ዛፎቹን ከመንገድ ላይ ሆነን እናያቸዋለን። ኮኮው ሲወድቅ ድምፁን እንሰማለን። አንቺ ያንን ድምፅ ታውቂዋለሽ፤ እርጥብ መሬት ላይ ዱብ ሲል። ድሮ ያ ድምፅ ሲሰማ እማማ ራሷን ከትራሱ ቀና አድርጋ «የኛ ነው» ትል ነበር። አሁን ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

በቴሌቪዥንም አይተንሻል። ሁላችንም ዶና ጀኔሮዛ ቤት ተሰብስበን ነበር፤ ወንበር ስላልበቃ ገሚሱ መሬት ላይ። ፀጉርሽን ተስተካክለሽ፣ ነጭ ጋውን ለብሰሽ፣ በእጅሽ ጠርሙስ ይዘሽ። እማማ ስክሪኑን በቀሚሷ ጠርዝ ጠረገችልሽ። ከዚያ አፍሽን ከፈትሽና «በየሜዳው የሚበሰብሰውን የእፅዋት ተረፈ ምርት ወደ ባዮ ዘይት እንለውጣለን» አልሽ።

ሴቶቹ ዞረው እኔን አዩኝ።

መጀመሪያ የተናገረችው ዶና ጀኔሮዛ ናት። «ከማን የተረፈ ነው?» አለች። «እኔ መች ጠገብኩና ነው የሚተርፈው? ይቺ ልጅ እጄ ላይ ክርስትና ተነስታ፣ በኔ ከሰል የበሰለ ገንፎ በልታ አድጋ፣ ዛሬ በሰበሰ ትለኛለች?» ሴቶቹ ሳቁ። ሳቃቸው ግን የሚያሳፍር ዓይነት ነበር። እማማ አብራ ሳቀች፤ ማንም እንዳያያት ብላ።

እውነት ንገሪኝ፣ የሚበሰብሰውን የት አየሽው? ኮኮው ሲሰበር ውስጡ ያለው ፍሬ ዘይታችን ነው። ከቅርፊቱ ሥር ያለው ዱቄት የሕፃናት ገንፎ ነው። ቅርፊቱ ከሰላችን ነው፤ ያለሱ ሩዝ አይቀቀልም። ሌላው ቀርቶ ፍሬው ውስጥ የሚያድገውን ነጭ ትል ከፋሪኛ፣ ከካሳቫ ዱቄቱ ጋር ጠብሰን እንበላዋለን፤ አንቺም የድርሻዬን እየቀማሽ ትበዪ ነበር። ከተሜ ሰው ቢናገረው አይገርመኝም ነበር። ከአንቺ አፍ ሲወጣ ግን ምን እንደሆንኩ ልነግርሽ አልችልም።

መጀመሪያ ላይ አምነንሽ ነበር። ይህን መርሳት የለብሽም። ያን የብረት በርሜል በከባድ መኪና ጭነሽ ስትመጪ መንገዱን የጠረግነው እኛ ነን። ዛፍ ጥላ ሥር ቆመሽ ገለጽሽልን፤ ቅርፊቱ አየር በሌለበት ይጋያል፤ ነበልባል የለም፤ ጭሱ በቀዝቃዛ ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ዘይት ሆኖ ይንጠባጠባል፤ ፓይሮሊሲስ ይባላል። «እስከ ዛሬ ዘይቱን ለሰማይ ስትሰጡት ኖራችኋል» አልሽን። እማማ ያንን አባባል ወደደችው። ለሳምንት ያህል ያገኘችውን ሰው ሁሉ «ልጄ ከሰማይ ልታስመልስልን ነው» ትል ነበር።

ስምምነቱም ግልጽ ነበር። ለማሽኑ ቅርፊት ብቻ። እሱም ከቤታችን ማገዶ የተረፈው። ከማሽኑ ሆድ የሚወጣው ከሰል ደግሞ ለሴቶቹ ይመለሳል። እኔን በር ላይ አቆማችሁኝ፤ ከረጢት እየተቀበልኩ እንድመዝን። ዶና ጀኔሮዛ ማሽኑን «ሆዳሙ» ብላ ስም አወጣችለት። «ከባሌ ይብሳል» አለች፤ «ባሌ እንኳ ቅርፊቱን ይተፋል።»

ከዚያ የመጀመሪያው ዝናብ ሰሞን መጣ። የጭስ ዘይቱ አልሆነም። ታስታውሺያለሽ። ጥቁር፣ ኮምጣጣ፣ በቆየ ቁጥር እንደ ሙጫ የሚወፍር። ቱቦውን በላው። ዘይታችንን የገዛው የሸክላ ፋብሪካ ምድጃ ውስጥ አልነድም ብሎ በርሜሎቹን መለሱብን። ያን ጊዜ ነው አንቺ በስልክ ያን የመጀመሪያውን መልእክት የላክሽው፤ ድምፅሽ እንባ ያዘለ። «ማሽኑ ሞልቶ ካልሠራ ይዘጉታል። ከዘጉት ባዶ እጄን ነው የምመለሰው። እንዴት ሰው ፊት እቆማለሁ?»

እኔ ሞኟ መልእክቱን ለእማማ አሰማኋት። ለምን እንዳሰማኋት አላውቅም። ጎመን እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች። «ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። «ልጄ የሠራችው ነገር ባዶውን አያድርም» አለችና መክተፏን ቀጠለች።

አሁን የምጽፍልሽን በቀስታ አንብቢው።

በዚያው ዝናብ ሰሞን የእማማ የቀኝ እጅ አንጓ አበጠ። አልነገረችሽም፤ ለኔም አልነገረችኝም። ቆመጡን ስታነሳ አይቼ ነው ያወቅኩት። መጥረቢያውን እንደ ወትሮው ስለቱን ወደ ላይ አድርጋ በእግሯ ትይዘዋለች፤ ኮኮውን ስለቱ ላይ ታስቀምጣለች፤ ቆመጡ ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ከሴቶቹ ጋር ክቡ ውስጥ መቀመጧን አልተወችም። ከሁሉም ከፍ አድርጋ መዝፈን ጀመረች። ዶና ጀኔሮዛ «አበልጄ፣ ዛሬ ደግሞ ምን በልተሽ ነው? ዘንባባውን ልታፈርሺው ነው እኮ!» እያለች ታሾፍባት ነበር። እኔ ብቻ ነኝ ከዘፈኑ ሥር የእማማ ቆመጥ ድምፅ እንደሌለ የሰማሁት።

ከረጢቷ ግን ይሞላል። በየጊዜው ይሞላል። ከሌሎቹ ይልቅ ይከብዳል። በር ላይ ልቀበላት እጄን ስዘረጋ «ተይ፣ እኔው ራሴ ልድፋው» ትለኛለች። በዚያች እጇ፣ ከባድ ከረጢት ተሸክማ፣ እስከ ማሽኑ አፍ ድረስ። አንድ ቀን ስትመለስ በቀሚሷ ጠርዝ ላይ ነጭ ትል ሲንቀሳቀስ አየሁ። የሰባ፣ ጤነኛ ትል። ትል ባዶ ቅርፊት ውስጥ አይኖርም። ይህን አንቺም ታውቂያለሽ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁላትና አጥሩ ሥር ወረወርኩት። እሷም ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

በዚያ ሳምንት የወጣው ዘይት ቀጠን አለ። ኮምጣጣነቱ ቀነሰ። ዶክተር ሌአንድሮ፣ ያ ጫማው ጭቃ የማይነካው ሥራ አስኪያጃችሁ፣ በጨርቅ ነክሮ ሲለኩሰው ቦግ አለለት። ጨፈረ ብልሽ አታምኚኝም። «ምን አስገባችሁበት?» ብሎ እኔ ዘንድ መጣ። «ቅርፊት» አልኩት። «ማን ነው ያመጣው?» አለኝ። «ሁሉም» አልኩት። እሱ ግን ብልህ ሰው ነው። የማሽኑን አፍ አስከፍቶ ገና ያልጋየውን በእጁ አገላበጠ፤ ያልተሰበረ ኮኮ አገኘ፤ ከነፍሬው። የፍሬው ቅባት ነው ዘይቱን ያሳመረው። ማን እንዳስገባው ከዚያ በኋላ አልጠየቀም። ምን እንደሆነ ካወቀ የማንነቱ ነገር ምን ያደርግለታል?

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ፤ የፈረምሽው አንቺ ነሽ። ከእኛ ቅርፊት መግዛት ቀረ። ሙሉ ኮኮ፣ ዘንባባው ከቆመበት መሬት ባለቤት ከሴኡ አዳውቶ፣ መግዛት ተጀመረ። ያ ሰውዬ ዕድሜ ልኩን ዘንባባውን እንደ አረም ይረግመው ነበር፤ ለከብቶቼ ሣር ከለከለኝ ይል ነበር። ዋጋ ሲያወጣ ጊዜ ወደደው። በማግስቱ ሽቦ ይዞ መጣ። የማዘጋጃ ቤቱ ሕግ ዘንባባው ለሰባሪ ሴቶች ክፍት ነው ይላል ብለን ሄድን። ባርኔጣውን አውልቆ በትሕትና አነጋገረን፤ ያ ነው ይበልጥ ያቃጠለኝ። «ሕጉን አውቀዋለሁ እናቶቼ። ሕጉ ለድሃ ነው የወጣው። አሁን ግን ይሄ ፍሬ የፋብሪካ ግብዓት ሆኗል። የራሳችሁን ልጅ ጠይቋት።»

የራሳችሁን ልጅ ጠይቋት። እማማ ፊት።

ሽቦው ላይ ያቆመው ዘበኛማ አይወራም። ሴቶቹ ሽቦው ጥግ ሲቆሙ «ዛፉን ማየት በነፃ ነው፤ ለዓይን አናስከፍልም» ይላል። ዶና ጀኔሮዛ በሽቦው ሥር ለመግባት ሞክራ ቀሚሷ ተቀደደ፤ እዚያው እንደተያዘች ተንጋላ «ና እስቲ ጎትተኝ፣ ጀግና! እናትህንም እንዲህ ነው የምትዘበኛት?» ስትለው አንገቱን ደፋ። እሱም ያደገው በኮኮ ወተት በተሠራ ዓሣ ነዋ። ሥራ ነው ይላል። ሁሉም ሥራ ነው ይላል። እኔም እላለሁ። በር ላይ ቆሜ የሴኡ አዳውቶን መኪና አስገባለሁ፤ ሚዛኑን አያለሁ፤ ማታ ቤት ስገባ እማማ የምታበስልበት ከሰል የላትም፤ እርጥብ እንጨት እየነፋች ዓይኗ ይቀላል። ከማሽኑ ሆድ የሚወጣው ከሰልስ? ለሴቶቹ ይመለሳል ያልሽው? ተፈጭቶ በሴኡ አዳውቶ የግጦሽ መሬት ላይ ይበተናል። ለአፈሩ ጥሩ ነው አሉ።

ስደውልልሽ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሺያለሽ? «ጊዜያዊ ነው። እማዬን ሳሚልኝ።»

አልሳምኳትም። አንቺው ነይና ሳሚያት። ባለፈው ስትመጪ በእንግዶቹ ፊት ምርቃት ልትሰጥሽ እጇን ዘረጋችልሽ፤ አንቺ እንደ ባዳ ጨበጥሻትና አለፍሽ። ሰው ፊት አፍረሽ እንደሆነ እገምታለሁ። ወይም ረስተሽው። የትኛው እንደሚሻል አላውቅም። እማማ እጇን ለአፍታ እዚያው አየር ላይ እንደያዘችው ቀረች፤ ከዚያ ፀጉሯን የምታስተካክል መሰለች። «እግዜር ይባርክሽ» ያለችው መኪናችሁ ከሄደ በኋላ ነው። ለአቧራው።

አሁን ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል፤ ከሽቦው ይልቅ እሱ እንቅልፍ ይነሳኛል። ሴቶቹ ለዚህ ሁሉ መነሻ የሆነችውን እየፈለጉ ነው። ዶና ጀኔሮዛ ማክሰኞ ለት ጓሮዋ ውስጥ በሁሉም ፊት ተናገረች፤ «መጀመሪያ ሙሉ ኮኮ ለሆዳሙ ያጎረሰች ሴት አለች። ሴኡ አዳውቶ አይደለም፤ እሱ ከኛ ነው ያየው። ከዚህ ክብ ውስጥ ናት። ፍሬ ከነነፍሱ የሚያቃጥል ሰው ከኔ ጋር አይቀመጥም። ሳገኛት በዚህ እጄ ነው ከመሃላችን የማስነሳት።» እማማ እዚያው ተቀምጣ የቀሚሷን ክር ትመዝ ነበር። እኔ ተነሥቼ «ዶክተር ሌአንድሮ ራሱ ነው ለሙከራ ያስገባው» አልኩ። ማንም አላመነኝም። «አንቺ የማሽኑ እህት ነሽ፤ ምን ልትዪ ኖሯል?» አሉኝ። ልክ ናቸው። የማሽኑ እህት ነኝ።

ማን እንደሆነች አላውቅም። እንዲህ ብዬ እየጻፍኩልሽ ነው። አንቺም ከጠየቁሽ አላውቅም ትያለሽ።

እንግዲህ ቅዳሜ ምን እንደሚሆን ልንገርሽ፤ አልተነገረኝም እንዳትዪ። ማንም አይዘፍንም። ሴቶቹ መጥረቢያና ቆመጣቸውን ይዘው ከማሽኑ አጠገብ ሳይሆን መንገዱ ላይ፣ ድልድዩ ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። የእንግዶችሽ መኪና በእነሱ ላይ ካላለፈ አያልፍም። እኔም የፋብሪካውን በር አልከፍትም። ቁልፉን ለዶክተር ሌአንድሮ አስረክበዋለሁ፤ ራሱ ይክፈተው፤ ጫማው ትንሽ ጭቃ ይንካው። ሥራዬ ይቀራል። ይቅር።

አንቺ ግን አንድ ነገር ማድረግ ትችያለሽ፤ ከአንቺ በቀር ማንም አይችልም። ከመኪናው ወርደሽ በእግርሽ ነይ። በእንግዶቹ ፊት ቆመሽ ስምምነቱ ቅርፊት ብቻ ነበር በዪ። ሙሉ ኮኮ አንገዛም፤ ሽቦው ይነሳ በዪ። ያኔ ሴኡ አዳውቶ የሚሸጥለት የለም፤ የሚሸጥለት ከሌለ ሽቦው ምን ያደርግለታል? ዘይትሽ ይኮመጥጣል፤ አውቃለሁ። ቱቦሽን ይበላል። ምናልባት ማሽኑን ይዘጉታል፤ ባዶ እጅሽንም ትመለሻለሽ። ተመለሽ። ባዶ እጁን የመጣ ሰው እዚህ ቤት መች ተባሮ ያውቃል?

ይህን ካላልሽ ሁለተኛው ማሽን ይመጣል፤ ሽቦው ወንዙን ይሻገራል፤ ከዚያ በኋላ እዚህ ቤት ምን ይዘሽ እንደምትገቢ እኔ አላውቅም።

ብዙ ተናገርኩ። አንዳንዱን ነገ ጠዋት እጸጸትበት ይሆናል፤ ግን አልቀደውም። አምላክ ደረትሽን ይፈውስልሽ። እጅሽ የነካው ይባረክ፤ ይሄኛውም ጭምር፣ የሚስተካከል ከሆነ። የምትመጪበትን መንገድ ዝናቡ አይዝጋብሽ። ቅዳሜ በሰላም ያገናኘን።

የምትወድሽ፣ ዛሬ ግን በጣም የተቆጣችብሽ፣
ታናሽ እህትሽ

ልጨምርልሽ። ፈርሜ ላጥፈው ስል እማማ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ምንድን ነው ይሄን ሁሉ ስትጽፊ የዋልሽው? አንብቢልኝ» አለች። አነበብኩላት። ዓይኗ ጣቴን እየተከተለ ነበር። መጨረሻው ላይ ስደርስ «ዘለልሽ» አለችኝ። «አልዘለልኩም» አልኳት። «ማንበብ አላውቅም እንጂ ጣት ሲዘል አውቃለሁ። እዚህ ጋ ነው» ብላ ባበጠው እጇ ገጹን አሳየችኝ። ትክክለኛው ቦታ ነበር። አነበብኩላት። እስከ ትሉ ድረስ፤ ከትሉም በኋላ።

አልተቆጣችም። አላለቀሰችም። እጇን ከገጹ ላይ አነሳች።

«እንዲህ እንዳለ ላኪላት» አለች። ቀጥላ «ሴቶቹ አሁንም ጀኔሮዛ ጓሮ ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ናቸው» አልኳት። «ግን እማማ፣ ዝናቡ...»

«ተይ፣ እኔው ራሴ ልንገራቸው» አለችና ነጠላ ጫማዋን በእግሯ ፈልጋ አገኘች። ፀጉሯን በመዳፏ ወደ ኋላ አስተኛችው። እኔ ብዕሩን እንደያዝኩ ነኝ፤ ይህንን የምጽፍልሽ እሷ ቆማ ሳለ ነው፤ እንድትቀር የምላት ቃል ካገኘሁ ብዬ። በሩን በዝግታ ከፍታ ወጣች፤ ከውጭ ሳበችው፤ ተዘጋ።